ስኳር ላለባችሁም፣ ለምታስተናግዱንም፦ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሁዳዴን ጾማችሁ ለዚህ ቀን ለበቃችሁ እንኳን አደረሳችሁ። ሕመም አስገድዷችሁ እንደ ልባችሁ ላልጾማችሁም እኩል እንኳን አደረሳችሁ። እምነታችሁ ሌላ ሆኖ ከጎረቤት ጋር በዓሉን ለምታደምቁትም እንዲሁ።

ደብረ ማርቆስ ከትናንት ጀምራ በዓል በዓል ትሸታለች። ቁሌቱ፣ የተነጠረው ቅቤ፣ በኮባ የተጋገረው ድፎ። እኔም እንደ ሁልጊዜው መለኪያዬንና ኢንሱሊኔን ይዤ በዓሉን ተቀብያለሁ። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለብኝ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰውነቴ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ስለማያመርት በመርፌ እወስዳለሁ። ዛሬ የዕለት ውጣ ውረዱን ላጫውታችሁ።

ከጾሙ ልጀምር። የንስሐ አባቴ ቁርጡን ነግረውኛል። «መርፌ ተወግተሽ ሳትበዪ መዋል የለም። የጾም ምግብ በጠዋት ብይ። ጠበልም ስትጠመቂ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ» ብለውኛል። ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፏል፤ እሱን ነው ያስታወሱኝ። መጀመሪያ አካባቢ ሆዴ አልቆረጠም ነበር። ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እኔ ጠዋት ሽሮዬን ስበላ ይከፋኝ ነበር። አሁን ለምዶልኛል። ኢንሱሊን ተወግቼ ካልበላሁ ስኳሬ ይወርዳል። ካልተወጋሁ ደግሞ ምንም ሳልቀምስ ብውልም ይወጣል፤ ጉበት ራሱ ስኳር ወደ ደም ይለቃልና። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው።

የስቅለት ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። በስግደቱ መሐል ጉልበቴ ከዳኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ የካህናቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር። በነጠላዬ ጫፍ ሁልጊዜ ስኳር ቋጥሬ ነው የምሄደው። ልፈታው ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። አጠገቤ ይሰግዱ የነበሩ እናት አዩኝ።

«ምነው ልጄ? ጾሙ ነው?»

«ስኳር አለብኝ እማማ። ወርዶብኝ ነው።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና ስኳሩን አፌ ውስጥ አደረጉልኝ። ከዚያ ግንቡን አስደግፈው አስቀመጡኝ፣ በነጠላቸው አራገቡልኝ። የደም ስኳር በመለኪያው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሲወርድ ሐኪሞች የሚሉን ይህንኑ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር ቶሎ መውሰድ። 15 ደቂቃ መጠበቅና መለካት። ካልተነሣ መድገም። ሲነሣ ደግሞ የሚያቆይ ነገር መቅመስ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ትን ይለዋል። እሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ነፍሴ መለስ ስትል እኚያ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የኔም ልጅ አለበት» አሉኝ። ጎረምሳ ነው። ለዘመድ አልተነገረም፣ ለጎረቤት አልተነገረም። «ገና አላገባም፤ ሴት ልጅ እንዳይከለክሉት ብለን ነው» አሉ። ልጁ ሰርግ ወይም ዝክር ሲጠራ ሰው እንዳያየው ብሎ መርፌውን ይዘላል። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ሞላ። የእኔም ሞላ። ይህን መልእክት ያስጻፈኝ የእሳቸው ነገር ነው።

የእሱ ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቋርጥ ብዙ ቀን አይፈጅም። ውሃ ጥሙ አይረካም፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ቤተሰቡ መጋኛ ነው፣ ወባ ነው እያለ ሲጨነቅ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ መደበቁ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ስኳር በንክኪ አይተላለፍም። ስኳር ያለበት ሰው ያርሳል፣ ያስተምራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ልጅ የሚድርም ቤተሰብ መጠየቅ ያለበት «ስኳር አለበት ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ራሱን ይጠብቃል ወይ?» ብሎ ነው። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ለእናቱ አንድ ታሪክ አወራኋቸው። ኢንሱሊን የተገኘው በፈረንጆቹ 1921 ካናዳ ውስጥ ነው። በዓመቱ፣ በ1922 መጀመሪያ ላይ፣ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ ከተማ ተወጋ። ለሞት የቀረበ ልጅ ነበር፤ ተርፎ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረ። ከእሱ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ አጥንቱ እስኪቀር መንምኖ ይሞት ነበር። እናት ቁጭ ብላ ከማየት በቀር ምንም አልነበራትም። «እርስዎ ግን መድኃኒቱ ቤትዎ አለ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እነግረዋለሁ» አሉኝ። ማክሰኞ ክትትል አለኝ፤ ልጁን ይዘውት ሊመጡ ተቀጣጥረናል።

መድኃኒቱ ቤት አለ ስል ግን ሁሌም አለ ማለቴ አይደለም። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደምንሆን የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር አለ። የተገኘውም ዋጋው ጣሪያ ነክቶ ይጠብቃል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ያላት ለሌላት ስታበድር አይቻለሁ፤ ያ ውለታ አይረሳም። ከአዲስ አበባ ሲመጣም ጣጣ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው የአባይ በረሃ ሙቀት ለኢንሱሊን ጠላቱ ነው። በፔርሙስ ይዛችሁ ኑ፣ በረዶው ግን ብልቃጡን እንዳይነካው። በረዶ ሆኖ ከረጋም ይበላሻል። ገጠር መብራት የሌላቸው ሰዎች በሸክላ ዕቃ፣ በረጠበ አሸዋ መሐል ያስቀምጡታል። ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆይላቸዋል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። ዶሮ ወጡ ራሱ ብዙ አይጎዳኝም። ስኳሬን የሚያወጡት እንጀራው፣ ድፎው፣ ብርዙና ለስላሳው ናቸው። ቅቤውና ሥጋው ደግሞ ምግቡን ስለሚያዘገዩት ስኳሩ ዘግይቶ ነው የሚወጣ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ፈስኬ ስለካ ደህና ነኝ። ሲነጋ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ጠላውና አረቄው በተቃራኒው ነው። ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ ስኳር መልቀቁን ይተዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ባዶ ሆዱን ጠጥቶ ከተኛ እንቅልፍ ላይ ሊወርድበት ይችላል። አብረው ያመሹ ሰዎች ደግሞ ሰክሮ ነው ብለው ይተዉታል። እባካችሁ እንዲህ ያለ ሰው ስታዩ አትለፉት።

በዓል እንደሆነ በአንድ ቤት አያልቅም። በየቤቱ «አፈር ስሆን!»፣ «በሞቴ!» አለ። ይህ ፍቅር ነው። ፍቅሩን ከእኔ አታርቁብኝ። ስኳር አለባት ብላችሁ ለብቻዬ ሳህን አትለዩልኝ፣ ዓይናችሁንም ጉርሻዬ ላይ አትትከሉ። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ልቅመስ። እንጀራውን ግማሽ አድርጉልኝ። ወጡን፣ እንቁላሉን፣ አይቡን ደህና አድርጉ። ውሃ አቅርቡልኝ። ቡናዬ ያለ ስኳር ይሁን። ቁርሱ ግብጦ ቢሆን ደስታዬ ነው፤ ተቆልቶ፣ ውሃ እየተለወጠለት ምሬቱ እስኪወጣ የተዘፈዘፈ የጎጃም ግብጦ። በቃ አልኩ ስል ደግሞ እመኑኝ።

አክስቴ ይህን ካወቀች ወዲህ ስትጎራረስ የእኔን ጉርሻ በልኳ ታሳንሰዋለች፤ ማንም አይነቃባትም። መርፌዬንም እዚያው ማዕዱ አጠገብ እወጋለሁ። ልጆቿ መጀመሪያ ይፈሩ ነበር። ዛሬ ትንሿ ልጅ መለኪያውን ታመጣልኝና ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች። ሲወጣ «ወጣ!»፣ ሲስተካከል «ጎበዝ!» ትለኛለች።

እና ስኳር ያለባችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ተለክታችሁ ቁጥሩ ቢወጣ ራሳችሁን አትውቀሱ። ኢንሱሊናችሁን ሐኪም ባዘዘላችሁ መንገድ አስተካክሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ደጋግማችሁ ተለኩ። ሲደክማችሁም ደከመኝ በሉ። ለአንድ ሰው እንኳ ንገሩ። የእኔ ዛሬ ንጋት ላይ 212 ነበር። ከሰዓት በኋላ 140 ገባ። የእናንተስ? ጻፉልኝ። ከፍም ይበል ዝቅ፣ አነበዋለሁ፣ እመልሳለሁም።

መልካም የትንሣኤ በዓል!