አሮጌዋ ሻንጣ

ኡሊሰስ የሚባለውን ልብ ወለድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። አላፍርበትም። ስለ ደራሲው ስለ ጄምስ ጆይስ የተጻፈውን የሕይወት ታሪክ ግን፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ነው፣ እንቅልፍ አጥቼ ጨረስኩት። ስለዚህ የማወራው ስለ ጆይስ ሳይሆን ታሪኩን ስለጻፈው ስለ ሪቻርድ ኤልማን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1918 ሚሺጋን ውስጥ ተወለደ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ ለንደን ተመደበ። በ1945 ፈቃድ ወስዶ ደብሊን ሄደና ከስድስት ዓመት በፊት የሞተውን የገጣሚውን የዬትስን ባለቤት በር አንኳኳ። ስማቸው ጆርጅ ነው፣ አዎ፣ ሴት ናቸው።

እኔን የያዘኝ ይሄ ቦታ ነው። ኤልማን ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ነው። ወይዘሮዋ ግን የባላቸውን ያልታተሙ ወረቀቶች አሳዩት። በኋላ ተመልሶ ሲመጣማ አንዲት አሮጌ ሻንጣ አውጥተው፣ ሊያያቸው የፈለጋቸውን የእጅ ጽሑፎች ሞልተው አስያዙት። ያሳሰባቸው አንድ ረቂቅ ብቻ ነበር፣ የዬትስ ግለ ታሪክ። ቶሎ መልስልኝ አሉት። በማግስቱ መለሰ። እኔ መጽሐፍ ተውሼ በማግስቱ መልሼ አላውቅም።

የዬትስ መጽሐፉ በ1948 ወጣ። ከዚያ ወደ ጆይስ ዞረ፤ የጆይስን ወንድም ስታኒስላውስን ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ያለችው ትሪየስት ድረስ ሄዶ አገኘው። በጊዜ ነው የደረሰው፤ ሰውየው በ1955 አረፈ። መጽሐፉ በ1959 ታተመ፣ በዓመቱም የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ወሰደ።

ሁሉንም ግን አላጨበጭብለትም። በ1975 ጆይስ ለሚስቱ ለኖራ የጻፋቸውን፣ ለሌላ ዓይን ያልታሰቡ የመኝታ ቤት ደብዳቤዎች ሳይቆርጥ አሳተመ። የጆይስ የልጅ ልጅ በጣም ተቆጣ። እኔም ከልጅ ልጁ ጋር ነኝ፤ አነበብካቸው ወይ ካላችሁኝ ግን... እንለፈው።

የመጨረሻው ሥራው የአየርላንዳዊው ጸሐፊ የኦስካር ዋይልድ የሕይወት ታሪክ ነው። ያኔ ኤልማን ኦክስፎርድ ነበር። ጡንቻን እያደከመ የሚገድለው የነርቭ በሽታ ያዘው፤ መናገር ሲያቅተው በትንሽ መሣሪያ እየተየበ ይግባባ ነበር፣ እንደዚያም ሆኖ መጽሐፉን ጨረሰ። በግንቦት 1987 ሞተ፤ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1989 ፑሊትዘር የሚባለውን የአሜሪካ ሽልማት አገኘ።

መጽሐፉ ውስጥ ዋይልድ እንደ ሰሎሜ፣ ራሱ ተውኔት እንደጻፈላት ሴት፣ ለብሶ፣ ጌጥ ደርድሮ የሚታይበት ፎቶ አለ። ስንቱ ሰው አይቶ ተገረመበት፣ ስንቱ ተነተነው። ኋላ ሲጣራ ፎቶው የዋይልድ አይደለም። የአንዲት የሃንጋሪ የኦፔራ ዘፋኝ ነው።