የሚያየኝን ነገር አልበላም

እማዬ በርበሬ ልታወጣ የፍሪዘሩን በር ከፈተችና እዚያው ቆማ ቀረች። ቅዝቃዜው ፊቷ ላይ እየነፈሰ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለች። ከዚያ በሩን የተኛ ሰው ያለበት ክፍል ይመስል ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ የሚያየኝ ነገር አለ።»

ሙዝ ነው። ሃያ ግማሽ ሙዝ እንጨት ላይ ተሰክቶ፣ ሎሚ ተቀብቶ፣ የተፈረፈረ ኮኮናት ላይ ተንከባሎ፣ ሁለት ሁለት የቸኮሌት ዓይን ተደርጎለት የዓርብን የሃሎዊን ማታ ይጠብቃል። ልጆቹ «ጎስት» ይሉታል። እኔ ለእማዬ «ጣረ ሞት ነው» ብዬ ተረጎምኩላትና ነገሩን ከመጀመሪያው አበላሸሁት።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እማዬ የመጣችው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር፤ እንቁጣጣሽንም መስቀልንም አብራን ዋለች፣ አገሩንም ወደደችው። ጥቅምት ሲገባ ግን ሰፈሩ ተቀየረባት። በረንዳ ላይ አጽም ይንጠለጠላል፤ ዛፍ ላይ በክንድ የሚለካ ሸረሪት ይወጣል። አንድ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልናመጣ ስንሄድ፣ ሣሩ ላይ አምስት የመቃብር ድንጋይ የተተከለበት ቤት ፊት ቆመችና ነጠላዋን አስተካከለች። «እነዚህ ሰዎች ይሄ ሁሉ ሰው ሞቶባቸው ልቅሶ ሳንደርስ?» ፕላስቲክ ነው ብላት አላመነችኝም፤ ሄዳ በእግሯ ነካ አደረገችው።

የማውቀውን ያህል አስረዳኋት። ሃሎዊን የሚለው ስም የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ ማለት ነው፤ በምዕራባውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ ቀን ስለሆነ። ከዚያ በፊት ደግሞ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች መኸሩን ሰብስበው የብርዱ ወቅት ሲገባ የሚያከብሩት ሳዊን የሚባል የቆየ በዓል ነበር፤ በዚያች ሌሊት የሞቱት ወደ ሕያዋን ይመጣሉ ይሉ ነበር። አየርላንዶች በአገራቸው ሳሉ ለበዓሉ የሰው ፊት የሚቀርጹት ሥራ ሥር ላይ ነበር። ተሰደው አሜሪካ ሲመጡ ዱባ አገኙ፤ ዱባ ደግሞ ለመፈልፈል ይቀላል።

«የቅዱሳን ዋዜማ ከሆነ አጽሙ ምን ይሠራል?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ እንደሚሰበስቡ ስነግራት ግን ፊቷ ፈካ። «ቡሄ ነዋ!» አለች። ሙልሙል እንደመሰብሰብ መሆኑ ነው። «ምን እያሉ ነው የሚጨፍሩት?» አይጨፍሩም አልኳት፤ በር ያንኳኳሉ፣ ሁለት ሦስት ቃል ይላሉ፣ ከረሜላው ይሰጣቸዋል። «ሳይጨፍሩ? ሳይመርቁ?» ከአጽሙ ይልቅ ያሳዘናት ይሄ ነው ብል አልዋሸሁም።

ዋናው ቅሬታዋ ግን ምግቡ ላይ ነበር። እኔ «ሰይጣን ማክበር ነው» ትለኛለች ብዬ ስዘጋጅ፣ እሷ ያለችኝ «በእህል አይቀለድም» ነው። እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት ያደግነው መሬት የወደቀ እንጀራ ተነሥቶ ተስሞ ነው። እንግዳ ሲመጣ ብሉልኝ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ተብሎ ነው የሚቀርበው። እዚህ ደግሞ ለአንድ ሌሊት ጨዋታው ይገለበጣል፤ ምግቡ እንግዳውን ካልዘገነነው ባለቤቱ አልተሳካለትም። ይሄን ለመልመድ እኔም ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያማ ጭራሽ አልገባኝም ነበር። ትልቁ ልጄ ገና ሕፃናት ክፍል እያለ፣ ለሃሎዊን መክሰስ ላኩ ሲባል ሌሊቱን ዳቦ ቆሎ ጠብሼ፣ ኦቾሎኒ ቀላቅዬ በላስቲክ ላኩ። ከሰዓት እንዳለ ተመልሶ መጣ፤ ከላዩ ላይ ወረቀት አለ። ቤት የተሠራ ምግብ አይገባም፣ ኦቾሎኒ ደግሞ በጭራሽ። ዳቦ ቆሎውን ቆሜ እየበላሁ ያለቀስኩት እንዳይታወቅብኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነበር። በኋላ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ጉሮሮው ሊዘጋ እንደሚችል ሳውቅ ለወረቀቱ ያለኝ ቂም ለቀቀኝ። አሁን በሃሎዊን ሰሞን ውሃ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዱባ በር ላይ ሳይ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፦ እዚህ ቤት ምግብ ያልሆነ፣ ለአለርጂ ልጆች የሚሆን ነገር አለ ማለት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በፈረንጆች 2014 ነው።

ዘንድሮ ድግሱ ሕንጻችን ሥር ባለው የጋራ አዳራሽ ስለሆነ ቤት የተሠራ ተፈቅዷል። ማን ምን እንደሚያመጣ የሚመዘገብበት ወረቀት ሊፍቱ አጠገብ ተለጠፈ። እኔ የሌሊት ሺፍት ገብቼ ስወጣ፣ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ «ስናክ ለሠላሳ ልጅ» የሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ። ቤት ገብቼ ካላንደሩን ሳይ ኦክቶበር 31 ዓርብ ነው። እማዬ ደግሞ የራሷን ካላንደር ገልጣ ጨረሰችልኝ፦ «ጥቅምት 21፣ ማርያም። ዓርብም ነው፤ ጾም ነው።»

እንግዲህ ኢንተርኔት ላይ ያለው የሃሎዊን መክሰስ በሙሉ ቋሊማ፣ አይብና ቅቤ ነው። ቋሊማ በሊጥ ተጠቅልሎ ኦቨን ገብቶ ሙሚ፣ ማለትም በጨርቅ የተገነዘ የጥንት ሬሳ ይሆናል፤ አይብ ተተልትሎ የጠንቋይ መጥረጊያ ይሆናል። ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ይጾማል። ራሴ ሠርቼ ራሴ ልጄን ልከለክለው አልፈለግሁም። ስለዚህ ሁሉም ጾም ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

በጣም ቀላሉን ልንገራችሁ። መንደሪን ትልጣላችሁ፣ አናቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ የሰለሪ ቁራጭ ትሰካላችሁ፣ ዱባ ሆነ። ሠላሳውን በሩብ ሰዓት ጨረስኩ። እማዬ አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ደግ ነው፣ ፊት የለውም» ብላ በላችው።

ሙዙ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያልበሰለ ከሆነ ይጎመዝዛል፣ ከልክ በላይ የበሰለ ከሆነ ከእንጨቱ ይወርዳል። መሐሉ ላይ ተቆርጦ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ይሆናል፣ እንጨቱ በተቆረጠው በኩል ይገባል። ሎሚውን ከዘለላችሁት ጥዋት ላይ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ፍሪዘር ያደረ ሙዝ ድንጋይ ስለሚሆን ደግሞ ከመቅረቡ አሥር ደቂቃ በፊት መውጣት አለበት። ዓይኑን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ዓይን ለብቻው በከረጢት ይሸጣል፤ ከስኳር የተሠራ፣ ጥቁር ብሌን ያለው። ገዝቼ ቤት ስደርስ ከጀርባው ሳነብ የእንቁላል ነጭ አለበት፣ መለስኩት። ለሙዙ ወተት የሌለበት ጥቁር የቸኮሌት ፍንጣሪ በቃው።

ሸረሪቶቹን ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ኦሪዮ የሚባለው መሐሉ ክሬም ያለው ጥቁር ብስኩት ይከፈታል፣ ክሬሙ ላይ ፕሬትዝል የሚባል ጨዋማ ደረቅ ብስኩት ተሰባብሮ ለእግር በአራት በአራት ይደረደራል፣ የቀለጠ ቸኮሌት ጠብ ይደረግበትና ይከደናል። ግማሹ ፕሬትዝል ሲሰበር ወደ አፍ ነው የገባው። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር፤ ድንገት «ይቺኛዋ ሰባት እግር ናት። ለእንግዳ ስንኩል አታቅርቡ» አለች። ትንሿ ልጄ በሳቅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪዋ እማዬ ሆነች፤ ስምንት እግር የሌላት ሸረሪት ትሪው ላይ አትወጣም።

ሙሚው ላይ ግን ተጣላን። ሐሳቤ ቋሊማውን በምስር፣ ሊጡን በእንጀራ መተካት ነበር። ጥቁር ጤፍ እንጀራ አሮጌ ጨርቅ ይመስላል፤ ከዚህ የተሻለ የሙሚ ልብስ ከየት ይመጣል? ምስር ወጡን ወፈር አድርጌ፣ በርበሬውን ቀንሼ፣ ቅላቱ እንዳይጠፋ ድልህ ጨምሬ ሠራሁ። ምስሩን በእንጀራ እንደ ጣት ረዘም አድርጌ ጠቀለልኩና፣ ሌላውን እንጀራ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ለመቁረጥ መቀስ አነሣሁ።

«እንጀራ በመቀስ!» እማዬ ደረቷን መታች።

አላቆምኩም። ቀጫጭኑን እንጀራ ጥቅሉ ላይ እየተሻገረ እንዲዞር አደረግሁት፣ ለዓይን የተቀቀለ ሽምብራ ለሁለት ከፍዬ፣ ጥቁር አዝሙድ መሐሉ ላይ ተጫንኩበት። ሁለቱን ዓይኖች ከጨርቁ ሥር ወሸቅኋቸው። አንዱን ይዤ «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሬሳ ገንዘሽ ነው ሰው ልታበዪ?»

ዘዴ የፈጠርኩ መስሎኝ «እሺ፣ የተጠቀለለ አራስ ልጅ ነው በይው» አልኳት።

«አራስ ልጅ ደግሞ ይበላል?»

እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ሁለተኛውን ስጠቀልል ዝም ብላ ታየኝ ነበር፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ከእጄ ወሰደችው። «ላልቷል» አለች። ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ጫፉን ከሥር አስገብታ። «አያትሽን እኔና እትዬ ነን የገነዝናት። አቡጀዲው ልክ አልነበረም፣ ሰው ተልኮ ሌላ ተገዛ።»

ይሄን አልነገረችኝም ነበር። አያቴ ስታርፍ እኔ እዚህ ወረቀቴ ሳይያዝልኝ፣ ከአገር ብወጣ መመለስ የማልችልበት ጊዜ ላይ ነበርኩ። የተነገረኝ ከሰባት ቀን በኋላ ነው፤ ያረዱኝ የዕድር ሰዎች ሳይሆኑ በስልክ አንድ ዘመድ ነበር። ስለ ቀብሩ ጠይቄ አላውቅም። እማዬ ሦስተኛውን እየጠቀለለች ስለ አቡጀዲው፣ ስለ ዝናቡ፣ ድንኳኑ ስለወደቀበት ነፋስ ነገረችኝ። የምናወራው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ምስሩ በመሐላችን ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹ ሳሎን ኮስትዩማቸውን ለብሰው ይሯሯጣሉ።

ትንሿ መጥታ ትሪውን አየችና «ዓይናቸውስ?» አለች። እማዬ የጠቀለለቻቸው ዓይን አልነበራቸውም። «የሞተ ሰው ዓይኑ ይከደናል እናቴ» አለቻት። ልጄ አልተቀበለችም፤ ዓይን የሌለው ሙሚ የለም ብላ ሽምብራዎቹን ራሷ ወሸቀቻቸው። እማዬም አልከለከለቻትም፣ ፊቷን ብቻ አዞረች።

ድግሱ እንደ ድግስ ነበር፤ ጩኸት፣ ስኳር፣ የተቀደደ ክንፍ። መጀመሪያ ሙሚዎቹን ማንም አልነካም። አጽም የለበሰ አንድ ጎረምሳ ተደፋፍሮ ሲነክስ ቀዩ ምስር ከመሐሉ ወጣና «ደም!» ብሎ አዳራሹን አናጋው። ከዚያ በኋላ ተሻሙበት። ሦስተኛ ፎቅ ያለች እናት ስንዴ እንዳለበት ጠየቀችኝ፤ ልጇ ስንዴ አይስማማትም፣ በየድግሱ ምግቧን በቦርሳ ይዛ ነው የምትመጣው። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙው ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ለዚህ ብዬ መቶ በመቶ ጤፍ የሆነውን ፈልጌ ነበር የገዛሁት። ልጅቷ አራት በላች። በእናቷ ዓይን ያየሁት ነገር ያቺን የተመለሰች ዳቦ ቆሎ አስታወሰኝ።

ከኤል ሳልቫዶር የመጣችው ጎረቤታችን ዱባ በጥቁር ስኳር ቀቅላ አምጥታ ነበር፤ እነሱ ለሙታን ቀን ያበስሉታል። እማዬ ቀመሰችና በአማርኛ አመሰገነቻት፣ ሴትዮዋም በስፓንኛ መለሰችላት፣ ተግባብተዋል። ይሄ እማዬን አደፋፈራትና ከድግሱ በኋላ ልጆቹ የቀረጹትን ዱባ «አይጣልም» ብላ ቀሪ ሥጋውን ፍቃ ዱባ ወጥ ልትሠራ አሰበች። ፊት የሚቀረጽበት ዱባ ግን ውሃና ጭረት ብቻ ነው፤ ቀምሳ «ይሄ ለፊት ብቻ የተፈጠረ ነው» ብላ ደፋችው። ፍሬውን ግን በጨው ቆላችው፣ እሱ ጥሩ ሆነ።

ከሙዞቹ ሁለት ተርፈው ነበር፤ ወደ ፍሪዘር መለስኳቸው። ከመተኛቴ በፊት «እማዬ፣ አንዱን ቅመሺ፣ ጾም ነው እኮ» አልኳት። «የሚያየኝን ነገር አልበላም» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ቅዳሜ ጥዋት ቡና ላፈላ ስነሣ እሷ ቀድማኝ ተነሥታ ጸሎት ላይ ነበረች። ፍሪዘሩን ከፈትኩ፤ በርበሬው ብቻ አለ። ማጠቢያው አጠገብ ሁለት ታጥበው የተገለበጡ እንጨቶች ነበሩ፤ ከጎናቸው የስኒ ማስቀመጫ ላይ አራት የቸኮሌት ዓይኖች፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ።