ከሰንዳፋ ማዶ ያለው ሜዳ

ኮተቤን ጨርሶ ለገጣፎን ያለፈ ሰው ከተማው ወዲያው አይለቀውም። ብሎኬቱ፣ ጅምር ሕንፃው፣ የአሸዋ መኪናው እስከ ለገዳዲ ድረስ ይከተለዋል። ሰንዳፋ ሲደርስ ግን ሜዳው ይከፈታል። ጊዜው ጥር ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ሣር ላይ ውርጭ ተኝቷል። ፒክአፓችን ላይ ዶማ፣ አካፋ፣ ማጭድና ኖራ ተጭኗል። ውስጥ ያለነው ሁላችንም አብራሪዎች ነን።

የምንሄደው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ የግል እርሻ ነው። እርሻው ላይ 1,200 ሜትር የሚረዝም የሣር መንደርደሪያ አለ። ባለቤቱ በወጣትነታቸው የሰብል ፀረ ተባይ የሚረጭ አውሮፕላን ያበሩ ነበር፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጤናቸው ከበረራ ካገዳቸው ወዲህ ሜዳውን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። "እኔ በሕይወት እያለሁ ዳዋ ሲውጠው አልይ፤ መጥታችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ" ብለው ደወሉ። ወሬው አብራሪ ለአብራሪ ሲዛመት ጊዜ አልፈጀም። ትልቅ ጄት የሚያበር መጣ፣ የበረራ አስተማሪ መጣ፣ ድሮ ዳኮታ የምትባለውን ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ያበሩ ጡረተኛ ካፒቴንም ዱላቸውን ይዘው መጡ።

እንዲህ ያለ ሜዳ ሲጠፋ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። የአገራችን በረራ የተጀመረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለችው አውሮፕላን አዲስ አበባ ስታርፍ የቦሌ አየር ማረፊያ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግም መነሻው ልደታ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳኮታ በየጠቅላይ ግዛቱ ሣርና አፈር ላይ እያረፈች ስንቱን ሰው አመላለሰች! ካፒቴኑ ከብት በጅራፍ ተነድቶላቸው ስላረፉባቸው ሜዳዎች ሲያወሩ የእኛ ጆሮ አይጠግብም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው የፍልፈል ጉብታ ነው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አፈር ቁልል ቁልል ብሏል። ከላይ ሲያዩት ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ችግሩ ከሥሩ ነው። አንዱን በእግሬ ጫን ስለው ባቴ ድረስ ሰመጥኩ። የአውሮፕላን የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ከገባ አፍንጫው ይደፋል፣ ፕሮፔለሩም መሬት ይመታል። ስለዚህ ከላይ አፈር መልሶ መሄድ አይሆንም። ዋሻውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ገረጋንቲ ጨምሮ፣ ውሃ እያርከፈከፉ ስንዝር በስንዝር መጠቅጠቅ ነው። የጄቱ አብራሪ ሸሚዙን አውልቆ ሲጠቀጥቅ ዋለ።

ከፍልፈሉ የሚብሰው ግን ውሃው ነው። አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ጎማ ይዞ አይለቅም። መንደርደሪያው መሀሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ከዚያ የወረደውን ውሃ ደግሞ ቦይ ሊቀበለው ይገባል። የድሮው ቦይ በደለል ተሞልቷል። እኛ በአጭሩ ቁልቁል ልንቀደው ስንነጋገር አጎራባች ገበሬ የሆኑ አባት ቆመው ሰሙንና "ልጆቼ፣ እንዲህ ቀጥ አድርጋችሁ ከለቀቃችሁት በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆንባችኋል" አሉን። በሰያፍ እንዲሄድ በዱላቸው መሬቱ ላይ አሰመሩልን። እኛም መስመሩን ተከትለን ቆፈርን። አየር ላይ ውሃ የሚባል ነገር ብዙ አያስጨንቀንም፤ መሬት ላይ ግን ሜዳውን የሚያኖረውም የሚገድለውም እሱ ነው።

ሣሩን ማረስም ማቃጠልም አልፈለግንም። ሰርዶ ነው፤ ሥሩ አፈሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ማጨድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ሣሩን እነሱ ያጭዳሉ፣ ድርቆሹም የእነሱ ይሆናል። ከብት ከቦዩ ወዲያ ይግጣል። የዚህን ሁሉ ጉልበት ፍሬ የሚያቆየው ይህ ስምምነት ይመስለኛል። እኛ በዓመት አንዴ ብቅ ብንል ነው፤ እነሱ በየቀኑ እዚያው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ከአስተማሪው ጋር ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በመደበኛው ስሌት ሙቀቱ ከዜሮ በታች መሆን ነበረበት። እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ሞተሩም ክንፉም ፕሮፔለሩም ይደክማሉ። ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ ላይ ለመነሳት የሚበቃው ርቀት እዚህ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ደረቅ ሣር ደግሞ በመንደርደሪያው ርቀት ላይ 15 በመቶ ይጨምራል። ከመነሳት በፊት ሚክስቸሩን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን የነዳጅና የአየር ቅልቅል፣ ነዳጁን ቀንሶ ማሳሳት የግድ ነው። ማረፊያ ላይም የፍጥነት መለኪያው የለመድነውን ቁጥር ያሳያል፤ መሬቱ ግን ከወትሮው ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ ተስማማን፦ ጠዋት ብርድ ሳለ ብቻ፣ ነዳጅ ሳይሞላ፣ ከሁለት ሰው ባልበለጠ።

አመሻሽ ላይ አሮጌ ጎማዎችን ግማሽ ድረስ ቀብረን ጠርዙን በኖራ አቀለምን። የነፋስ አቅጣጫ ማሳያው ከረጢት በአዲስ ግንድ ላይ ተሰቀለ። ጋሼ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሄዱ ፈለጉ፤ መሀል ላይ ደከማቸውና ወንበር አመጣንላቸው። እዚያው ተቀምጠው "በስተ ምሥራቅ ያሉትን ዛፎች አያችኋቸው?" ብለው ጠየቁ። አይተናቸዋል። በበጋ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ የምንነሳው ወደዚያው ነው፤ ባሕር ዛፎቹም በደከመ አውሮፕላን የሚዘለሉ አይደሉም። የሰው ንብረት ናቸው፣ የቤተሰብ ቁጠባ ናቸው፤ ቁረጥ ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ባለቤቱን ቤቱ ሄደን አነጋገርነው። ከፋሲካ በኋላ ለግንባታ እንጨት ሊሸጣቸው አስቦ እንደነበር ነገረን፤ እኛም ቆረጣውን ልናግዘው፣ በምትኩም አጭር የሚቀር ተክል ልናመጣለት ቃል ገባን።

እስከዚያው በሁለቱም ጫፍ ትልቅ ነጭ ኤክስ አድርገንበታል፤ ለሚያልፍ አብራሪ ዝግ ነው ማለት ነው። ዛፎቹ ሲነሱ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማመልከቻውን እናስገባለን። ከክረምቱ በፊት ደግሞ የምዕራቡ ቦይ ግማሹ ይቀራል፤ ዶማ ያለው አብራሪ ሁሉ ይምጣ።