ባዶዋ ጥግ

ላብራቶሪ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ሥራው ሲነገረኝ ቀላል ነበር። በመተንፈሻ ቫይረስ የተያዙ አይጦችን ሳንባ በኢንዛይም ማላላት፣ ሕዋሳቱን ማቅለም፣ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ በሚለይ ፍሎው ሳይቶሜትር በሚባል መሣሪያ አሳልፎ መቁጠር። አንዱ ቡድን አዋቂ አይጦች፣ ሌላው ከተወለዱ አንድ ቀን የሆናቸው። የምፈልገው የአየር ከረጢት ማክሮፌጅ የሚባለውን ሕዋስ ነው። የተነፈስነውን አቧራም ጀርምም ጠርጎ የሚበላ፣ ቫይረስ ሲገባ ደግሞ ቀድመው ከሚጮኹት ዘበኞች አንዱ።

የአዋቂዎቹ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብለው ወጡ። ሲግሌክ-ኤፍ እና ሲዲ11ሲ የሚባሉት፣ ሕዋሱን የምንለይባቸው የገጹ ፕሮቲኖች፣ ማለትም ምልክቶች፣ ሁለቱም ከፍ በሚሉበት የላይኛው ቀኝ ጥግ ጥቅጥቅ ያለ የነጠብጣብ ደመና አለ። የጨቅላዎቹን አስገባሁ። ጥጓ ባዶ ናት ማለት ይቻላል። ወረድ ብሎ የተበታተነ ነገር ይታያል፣ እሱን ቆሻሻ ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ጋ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አዲስ ሠራተኛ ስትሆን "ምንም አልታየኝም" ማለት "አበላሸሁት" ማለት ይመስልሃል። ደብተሬ ላይ "ናሙናው ተበላሽቷል" ብዬ ጽፌ ቱቦዎቹን ጣልኩ። ሌላ ቀን ደገምኩ፣ ያው። ኢንዛይሙ በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ ሰዓቱን አሳጠርኩ፣ ያው። ከዚያ ቀለሙን ጠረጠርኩ፤ አዋቂዎቹ በዚያው ቀለም ፏ ብለው እየታዩኝ እኮ ነው! ይባስ ብሎ ቫይረስ ያልነካቸው ጨቅላዎችም ናሙና ነበረኝ። እሱም ባዶ ሲሆን "አይ፣ ዛሬም አበላሽቻለሁ" አልኩ እንጂ ምን ሊነግረኝ እንደሆነ አላሰብኩም።

በአራተኛው ዙር አንዲት ነባር ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና "ስንት ቀናቸው ነው?" አለችኝ።

"አንድ።"

"ታዲያ ምን ጠብቀህ ነው?" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ጌት የምንለውን፣ ሕዋሳቱን የምንለይበትን ሳጥን፣ እኔ አልሠራሁትም። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው በአዋቂ አይጥ ላይ የሠራውን ነው ቀድቼ የተጠቀምኩት። አይጥ ሲወለድ ግን የነገ ማክሮፌጆቹ ገና ከፅንስነት የመጡ ሞኖሳይቶች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትና በመንገድ ላይ ያሉ ታዳጊዎች ናቸው። የአየር ከረጢቱ ግድግዳ ሕዋሳት ጂኤም-ሲኤስኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጩላቸዋል፤ በእሱ ነው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ወደ ማክሮፌጅነት የሚያድጉት፣ እነዚያን ሁለት ምልክቶችም በደንብ የሚይዙት። ቆሻሻ ያልኩት ታዲያ እነሱን ነበር። ስንቱን ደፋሁት!

በመጀመሪያው ቀን የሚመጣ ቫይረስ የሚያገኘው እንግዲህ ቦታውን ገና ያልያዘ ዘበኛ ነው። የሰው ልጅ የአይጥ ግልባጭ አይደለም፣ ግን የሰው ጨቅላም ቢሆን ከእትብት ደም የተወሰዱ አንዳንድ ሕዋሳቱ ቫይረስ ሲቀርብላቸው እንደ አዋቂው ያህል ኢንተርፌሮን አያመነጩም፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ጩኸቱ ቀሰስ ያለ ነው። እኔ ይሄን ሰምቼ "ደካማ ናቸዋ" ስላት አልወደደችውም። ሳንባው እኮ ከፈሳሽ ወደ አየር የዞረው ትናንት ነው፣ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር በሙሉ ኃይሉ ቢቆጣ ኦክስጅን የሚያልፍበት ስስ ግድግዳ ራሱ ይጎዳል አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አርኤስቪ ለሚባለው የመተንፈሻ ቫይረስ፣ ቫይረሱን በፎርማሊን ገድሎ የተሠራ ክትባት የተሰጣቸው ሕፃናት፣ በኋላ እውነተኛው ቫይረስ ሲይዛቸው ብዙዎቹ ካልተከተቡት ብሰው ታመው ሆስፒታል ገቡ፣ ሁለቱ ሞቱ። የጎዳቸው በተሳሳተ መንገድ የተቀሰቀሰው የራሳቸው መከላከያ ጭምር ነው። ይሄን ስትነግረኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቱቦ ላይ ከቁጥሩ በፊት ዕድሜ እጽፋለሁ። ሳጥኑንም ለየዕድሜው ለብቻ፣ ባልተያዙት ላይ አይቼ ነው የምሠራው። ደብተሩ ላይ "ተበላሽቷል" የሚለውን አልፋቅሁትም፣ በአንድ መስመር ሰርዤ አጠገቡ "1 ቀን" ብዬ ጻፍኩ። ሳምንት ከሞላቸው ጨቅላዎች ናሙና ወስጄ ሳስገባ ያቺ ጥግ ሞልታ ጠበቀችኝ። ባልደረባዬን ጠራኋት፣ ቀና ብላ አየችና "አደጉልህ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።