የሱፍ የአንገት ልብስ፦ ሦስተኛው ሙከራ

ሁለተኛው የአንገት ልብሴ ላይ አሁን ድመቷ ትተኛበታለች። ሐዋሳ ላይ ሱፍ ምን ያደርግልሻል ለምትሉኝ፣ በሐምሌ ማለዳ ሐይቁ ዳር አንድ ጊዜ ተራመዱና እንነጋገራለን።

የመጀመሪያውን የሠራሁት «ንጹህ ሱፍ ነው» ተብዬ ከገበያ በገዛሁት ክር ነበር። ጫፉን ክብሪት ሳስነካው ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ጠጠረ። ሱፍ ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ፀጉር ይሸት፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ለሁለተኛው እውነተኛ የመንዝ በግ ፀጉር አስመጣሁ፤ ግን በሙቅ ውኃ አሸሁት፣ ተጠቅጥቆም ወጣ። ባርኔጣ ለሚሠራ ሰው ይህ ጠባዩ ሀብት ነው፤ ለእኔ ግን ኪሳራ ሆነብኝ።

በዚህኛው ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ፣ ሳላሽ፣ ሳልጨምቅ አነሣሁት። ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። የመንዝ በግ ረጅምና ሻካራ ፀጉር አለው፤ ከሥሩ ደግሞ አጭርና ቀጭን ሱፍ። ሻካራውን በጣት እየመዘዝኩ አራት ምሽት ተቀመጥኩ። ከአንድ ኪሎ የተረፈኝ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም። ልቤ ቢያዝንም፣ ልስላሴው የሚገኘው ከሹራብ መርፌው ሳይሆን ከዚህ ነው።

እንዝርቱ ላይ ግን ሌላ ጉድ ነበረብኝ። ክሬ ቀጭንና ያማረ ነው፣ ግን እንደ ሲባጎ ይጠጥራል። የመንዝ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤቴ ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንቺ እኮ ጥጥ ነው የምትፈትይው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እጄ የለመደው የእናቴን ፈትል ነው። የጥጥ ጭረት (እያንዳንዷ ቀጭን ቃጫ) አጭር ስለሆነ ካልከረረ ይበጠሳል። ሱፍ ግን ረዘም ያለና በተፈጥሮው የተጠማዘዘ በመሆኑ፣ ላላ ተደርጎ ቢፈተልም እርስ በርሱ ይያያዛል። እንዝርቱን በግማሽ ኃይል ማሾር ለመድኩ። ሁለት ክር ደግሞ አጣምሬ ከፈተልኩበት በተቃራኒ አቅጣጫ ገመድኩት፤ አሁን ሲንጠለጠል አይጠማዘዝም።

በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ 36 ዐይን ጀምሬ ግማሽ ሜትር ያህል ደርሻለሁ። አሁንም አንዳንድ ቦታ አንገቴን ይወጋኛል። ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ የወፈረ ጭረት ጫፉ ቆዳ ላይ አይታጠፍም፤ ከመልቀሜ ያመለጡ ጥቂቶች አሉ ማለት ነው። ሲያጋጥሙኝ በወረንጦ እያወጣሁ ነው፤ ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ።