የራዲያተር ክዳንና የሱሉልታ ዳገት፦ የስምንት ወር ማስታወሻዬ

ባለፈው ሳምንት አራት ሰው ጭኜ ከአዲሱ ገበያ ተነሣሁ፤ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ዳገት አልፌ ሱሉልታ ቤቴ እስክደርስ ድረስ የሙቀት ጠቋሚዋ መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ለብዙዎቻችሁ ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከስምንት ወር በፊት በዚሁ ዳገት ላይ ኮፈን ከፍቼ፣ እንፋሎቱ እስኪበርድ እየጠበቅሁ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲመክረኝ የቆምኩባቸውን ምሽቶች ስለማስታውስ ደስታዬን ለብቻዬ ልይዘው አልቻልኩም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የተማርኩትንም የተሳሳትኩትንም፣ እንደኔ በየቀኑ ከከተማው ዳር ወደ መሃል ለሚመላለሱ አሽከርካሪዎች ላካፍል ወድጃለሁ።

መኪናዬ በ1999 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1.3 ሊትር ቶዮታ ኮሮላ ናት። ስገዛት ከማሽከርከር በቀር ስለ መኪና የማውቀው አልነበረም። መጀመሪያ የለመድኩት የሞተር ዘይት መለካት ነው፤ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅሁ በኋላ ዘንጉን አውጥቼ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ ከትቼም አነባለሁ። ቀጥሎ የጎማ ንፋስ መጣ፤ በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከማንም ግምት እንደሚሻል፣ ልኬቱም ጎማው ሳይሞቅ በጠዋት መሆን እንዳለበት ተረዳሁ። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ የአየር ፊልትሮውን መመሪያው ከሚለው ቀድሜ እያወጣሁ አያለሁ። ባትሪውን በአንዲት ትንሽ የቮልት መለኪያ እከታተላለሁ፤ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ያሳያል። ይህን ሁሉ ለመልመድ አንድ ወር በቂዬ ነበር። የቀሩትን ወራት የወሰደብኝ የራዲያተሩ ውሃ ነው።

ችግሩ የጀመረው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነበር። ጠዋት ወደ ከተማ ስሄድ ምንም የማይታይባት መኪና፣ ማታ ስመለስ ከአዲሱ ገበያ በላይ ዳገቱ ሲጠና መርፌዋ ቀስ እያለች ወደ ቀዩ መስመር ትጠጋለች። ራዲያተሩ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይጎድለዋል፤ ይሁን እንጂ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ ባሳድር አንዲት ጠብታ አላገኘሁም። እኔም በየጠዋቱ የጎደለውን እየሞላሁ መሄድን እንደ እንክብካቤ ቆጠርኩት። ዛሬ ሳስበው የመጀመሪያውና ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነበር። የማቀዝቀዣው ሥርዓት የታሸገ ነው፤ ውሃ ከጎደለ የሆነ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው፣ በየቀኑ መሙላትም በሽታውን ከባለቤቱ ይደብቃል እንጂ አያድንም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ፣ «እትዬ፣ ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፤ እሱ ለበረዶ አገር ነው እንጂ ለእኛ አያስፈልግም» አለኝ። እኔም አመንኩና ተስማማሁ። ይህን ምክር ስንቶቻችሁ እንደሰማችሁት አላውቅም፤ እኔ ግን አሁን በጽኑ እቃወመዋለሁ። ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚከፍት በር ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ዳገት ላይ ክፍት ስለሚሆን የሚያግደው ነገር የለም። መኪናዬ ያለ እሱ በቆየችባቸው ሁለት ወራት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ እስከ አዲሱ ገበያ እየነዳኋት ሞተሯ በቅጡ አይሞቅም ነበር፤ ቤንዚን መብላቷ ጨመረ፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ጀመር። ማታ ዳገቱ ላይ ግን እንደ ወትሮው ትፈላለች። ከዚያ ራዲያተሩ ተፈትቶ ታጠበ፤ እጥበቱ ክፉ ባይሆንም የታየ ለውጥ አልነበረም።

በዚህ መሃል የሆኑ ሁለት ነገሮችን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሊረዳኝ የመጣ ወጣት የፈላውን ራዲያተር በጨርቅ ይዞ ሲከፍት ዝም ብዬ አየሁት፤ ውሃው ፈንድቶ የእጁን አንጓ አቃጠለውና ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ቁስሉ ቢድንም ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የሞቀ ራዲያተር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጫኑት ለስላሳና ቀዝቃዛ ሳይሆን መከፈት የለበትም። ሌላ ቀን ደግሞ መሽቶ ስለነበር መቆሙን ፈርቼ፣ መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ገብታ ሳለች ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቢጣመም ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ቢቃጠል ጥፋቱ የእኔ ብቻ ይሆን ነበር። በማግስቱ ሞተሩ በርዶ ሳለ ክዳኑን ከፍቼ አስነሣሁና አፉ ላይ አረፋ እየተከታተለ ይወጣ እንደሆነ ተመለከትኩ፤ አልነበረም፣ ዘይቱም ወተት አልመሰለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞተሩ ተርፏል።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤቴ ነው። ለብዙ ዓመታት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አባት ናቸው። ነገሩን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ጠዋት ክዳኑን ስትከፍቺው ምን ትሰሚያለሽ?» አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ እንደምሰማ ነገርኳቸው። «እንግዲያውስ ነገ እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቺው» አሉኝ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ኮፈኑን ሲከፍቱ በእጃቸው ያመለከቱኝን ነገር ለወራት በየቀኑ እያየሁ አላስተዋልኩትም ነበር፤ መካኒኮች ማኒኮቶ የሚሉት የላይኛው ወፍራም የጎማ ቱቦ በሁለት ጣት የተጨመቀ ይመስል ሆዱ ገብቶ፣ ሁለቱ ግድግዳዎቹ ሊነካኩ ደርሰዋል። ክዳኑን ቀስ ብለው ሲያዞሩት ያ የማውቀው ድምፅ ተሰማና ቱቦው ዓይኔ እያየ ተነፍቶ ክብ ሆነ። ከዚያ ክዳኑን ገልብጠው ከመሃሉ ያለችውን የሳንቲም ግማሽ የማታህል ክብ ብረት በጥፍራቸው ሊስቧት ሞከሩ፤ በዝገትና በነጭ ቅርፊት ተጣብቃ አልንቀሳቀስ አለች። ትልቁን ሞላ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ደግሞ ያለ ምንም ትግል ገባ።

ክዳን ስል ዕቃ መክደኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በውስጡ ሁለት በሮች አሉት። ትልቁ በር በሞላ ተይዞ በራዲያተሩ ውስጥ ግፊት እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ብቻ ተከፍቶ ትርፉን ውሃ ወደ ተጠባባቂው ፕላስቲክ ዕቃ ይለቃል። ትንሿ በር በተቃራኒው ሞተሩ ሲበርድ ትከፈትና ያንኑ ውሃ መልሳ ታስገባለች። የእኔ ክዳን ሞላው ስለደከመ ዳገት ላይ ቀድሞ ይለቃል፣ የፕላስቲኩ ዕቃ ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ ትንሿ በር ስለተጣበቀች ደግሞ የወጣው አይመለስም፣ ውስጡ ባዶ ሲሆን ቱቦው ይጨመቃል። ካርቶኑ ላይ ጠብታ ያላገኘሁት ውሃው ቤት ሳልደርስ ዳገቱ ላይ ስለሚቀር ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ከከተማችን ዳር ላለነው እንደሚብስ የገባኝ ግን ማድ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ ቴርሞስታት ገዝቼ ከመግጠሜ በፊት ልፈትነው ብዬ በክር አንጠልጥዬ ድስት ውስጥ ከተትኩት፣ አጠገቡም የምግብ ቴርሞሜትር አስገባሁ። ላዩ ላይ 82 የሚል ተቀርጾበታል፤ እውነትም 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ አፉን ቀስ ብሎ ከፈተ። መመሪያው ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በ95 ዲግሪ አረጋግጡ ስለሚል እሳቱን ጨመርኩ፤ ውሃው ግን እየተንፈቀፈቀ ከ92 አላልፍ አለ። ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ ለጎረቤቴ ብነግራቸው፣ «ባቄላ አፋር ቶሎ ይበስላል፣ እዚህ ግን ይቆያል፤ እንዴት ረሳሽው?» አሉኝ።

አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናትም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ውሃ ደግሞ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ1 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ሲፈላ፣ የብዙ መኪኖች የራዲያተር ማራገቢያ የሚነሣው 93 አካባቢ ነው። ግፊት የማይይዝ ክዳን ያለው መኪና እዚህ ማራገቢያው ሳይነሣ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን ያው ክዳን የተወሰነ ፋታ ይሰጠዋል። ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ስለሚል፣ 0.9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ቢኖር ግን ንጹሕ ውሃ እንኳ በእኛ ከፍታ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ይህን ስሌት ካወቅሁ በኋላ ሞተር የሚያስፈታ ምክር ከመስማቴ በፊት ክዳኑን ማየት የግድ ሆኖብኛል።

ክዳኑን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ዋጋው ከአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን በእጅጉ ያንሳል። ሻጩ 1.1 የተጻፈበትን «ይህ ይበልጣል» ብሎ ቢያቀርብልኝም እኔ አሮጌው ላይ የነበረውን 0.9 መረጥኩ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ቱቦዎች ከታሰቡበት በላይ ግፊት ባይጫንባቸው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ትንሿን በር በጥፍራችሁ ሳቧት፤ ተከፍታ ወዲያው መመለስ አለባት።

ቴርሞስታቱን መልሼ ከገጠምኩ በኋላም መርፌዋ አንድ ጊዜ ድንገት ዘልላ አስደንግጣኛለች። ምክንያቱ ውስጥ የታፈነ አየር ነበር፤ በችኮላ ሞልቼ ስለዘጋሁት ነው። በሁለተኛው ሙከራ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሬ አቆምኩ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፣ ሞተሩን በርዶ ሳለ አስነሥቼ ክዳኑን ሳልገጥም የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ አረፋው በወጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እኔ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅቶብኛል።

ስለሚሞላው ነገርም አቋም አለኝ። የሰፈራችን የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ይተዋል፤ ያው ቅርፊት ነው የክዳኔን በር ያጣበቀው። አሁን የምጠቀመው ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ነው፤ የተጣራው ውሃ በየማደያው የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው ሲሆን፣ አሲድ የተቀላቀለበት አለመሆኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ወይም ውሻ በሚደርስበት አታስቀምጡት። መንገድ ላይ ሲጨንቃችሁ የቧንቧ ውሃ ብትሞሉ አልፈርድባችሁም፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ቤት ስትገቡ ግን አስወጡት።

አሁን ከመሪው ሥር ባለችው ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ኪሎ ሜትሩን፣ ቀኑንና የፕላስቲኩን ዕቃ መጠን በየሰኞው እጽፋለሁ። ላለፉት 11 ሳምንታት ደረጃው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው፤ ቱቦውም ጠዋት ጠዋት ክብ ሆኖ ይገኛል።

ያልሠራሁት ሥራ ግን አለ፣ እሱም የፍሬን ዘይት ነው። መኪናዋን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ጊዜም አልቀየርኩትም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ እንዲችል ሲጠበቅ፣ እርጥበት ሲገባው ግን ሊፈላ የሚችልበት ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ በፈላ ጊዜ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እስካሁን ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ በ2ኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዛት በማድረግ ፍሬኑን እያሳረፍኩ ነው የሄድኩት፤ ይህ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ዘይት ላለመቀየር ሰበብ ሊሆነኝ አይገባም ነበር። ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ከጎረቤቴም ጋር ለቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጥረናል፤ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ከኋላ ጎማ ጀምረው የማስተንፈሻውን ብሎን እየከፈቱ ይዘጋሉ።