ወንዱ ሲንተባተብ፣ ሴቷ ስትጠይቅ

ድምፅ አልባ ኮሜዲ ላይ ደስ የሚለኝ የወንዱ መርበትበት ነው። በዚህ አሜሪካዊውን ኮሜዲያን በስተር ኪተንን የሚያክለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው «ሰባት ዕድሎች» የተባለ ፊልም ሲጀምር፣ የሚወዳት ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ እወድሻለሁ ማለት አቅቶታል። በጋው ያልፋል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በረዶ ይጥላል፣ አጠገባቸው ያለው ቡችላ አድጎ ግዙፍ ውሻ ይሆናል፤ እሱ ግን አሁንም እዚያው ነው። ሽማግሌ የሚልክለት እንኳ የለ!

ከዚያ መርዶ ይሁን ብስራት የማይለይ ወሬ ይመጣል። በ27ኛ ልደቱ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካገባ 7 ሚሊዮን ዶላር ይወርሳል፤ ልደቱ ደግሞ ዛሬ ነው። ሮጦ ልጅቷን ይጠይቃታል፣ ግን «ማንም ትሁን ብቻ ላግባ» የሚል ዓይነት ነገር አምልጦት ታባርረዋለች። አበጀች። ከዚያ ክለብ ገብቶ ያገኛትን ሁሉ መጠየቅ ነው። ፎቅ ላይ ላለችው አንዷ ወረቀት ጽፎ ይወረውርላታል፤ ቀዳ ቁርጥራጩን አናቱ ላይ ትበትንበታለች። ባርኔጣ ተቀባይዋማ ገና አፉን ሳይከፍት እምቢታዋን በጭንቅላቷ ትነግረዋለች።

እስከዚህ የሚሳቅበት ወንዱ ነው። ሙሽራ እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሴቶች ቬል ደፍተው በመቶዎች ቤተክርስቲያኑን ይሞሉታል፣ የተቀለደባቸው ሲመስላቸው በየመንገዱ ያሳድዱታል፣ በመንገዳቸው ላይ አንድ ግንበኛ የሚሠራውን ግንብ ጡብ በጡብ ለቅመው ይጨርሱታል። በሳቅ ፈርሻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ፊልሙ እምቢ ያለችውን ሴት ሰው አድርጎ፣ «እኔን አግባኝ» ያለችውን መንጋ ማድረጉ ይከነክነኛል። ቁልቁለቱ ላይ የሚያባርሩት ቋጥኞችና ሙሽሮቹ ልዩነታቸው ምንድነው? (ቋጥኞቹ የተጨመሩት በኋላ ነው። በሙከራ ማሳያው ላይ ጥቂት ድንጋዮች ተከትለውት ሲንከባለሉ ተመልካቹ ስለሳቀ፣ ኪተን ተመልሶ ብዙ ሰው ሠራሽ ቋጥኝ አሠራ።)

ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ኮሜዲ ተዋናይ የነበረችውን ሜብል ኖርማንድን የምመርጠው። እ.ኤ.አ. በ1914 በወጣው «ሜብል አት ዘ ዊል» ላይ ተንኮለኛው ቻርሊ ቻፕሊን ፍቅረኛዋን ከመኪና ውድድሩ በፊት ያሳግተዋል። እሷ ቁጭ ብላ አታለቅስም፣ መኪናውን ራሷ ትነዳለች። ከዳይሬክተሮቹም አንዷ እሷ ነበረች። ቻፕሊን ግን ቀረጻው ላይ ከእሷ ጋር ተጣላ፤ ኋላም በግለ ታሪኩ የዳይሬክተርነት ችሎታዋን እጠራጠር ነበር ብሎ ጻፈ። ያኔ እሱ ራሱ ፊልም ከጀመረ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው።